ነቀርሳ ሲሉኝ የሰማሁት

አንገታችሁ ላይ እብጠት ወጥቶ ካላመማችሁ፣ አላመመኝም ብላችሁ አትተዉት። እኔን ያታለለኝ አለማመሙ ነው። የሚያም ነገር ሰውን ይቀሰቅሳል። የማያመው ግን እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ ገብቶ፣ ጥግ ይዞ ተቀምጦ፣ ስትነቁ ቤቱን የራሱ አድርጎት ታገኙታላችሁ።

ተማሪ ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ወንድሜ የኔታ ዘንድ ሲማር ከአጥር ውጪ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ ነው። ስለዚህ ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሡኝ፤ እግሬም እንደዚያው ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የራሴ የምለው ቤት የለኝም። አምቦ ልጄ ብርቄ ጋ ትንሽ፣ ጉደር የእህቴ ልጅ ጋ ትንሽ፣ ወንጪ የባለቤቴ እህት ጋ ትንሽ እያልኩ እዞራለሁ። ሰው "እግሯ አያርፍ" ይለኛል። እኔ ግን ከልጅነቴ የሰማሁት ይህ ዓለም ማደሪያ እንደሆነ፣ ቤታችን ወዲያ እንደሆነ ነው። ለማደሪያ ምን ጓዝ ያስፈልጋል? አንዲት ሻንጣ አለችኝ፤ ከልብሶቼ ሥር መገነዣዬ ታጥፎ ተቀምጧል። በእኛ ዘንድ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነግጥም።

ሁለት ሴት ልጆች ነበሩኝ። ታላቋ አስናቀች ወንጪ ባሏ ቤት ሳለች ጡቷን ታማ ሞተች። ሐኪሞቹ ያኔ የነገሩን ቃል "ነቀርሳ" የሚል ነበር። የቀበርናት ሐይቁን ቁልቁል በሚያይ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ላይ ጸሎተ ሃይማኖት ሲደርስ፣ የሙታን ትንሣኤ ሲነሣ፣ ልቤ ቀድሞኝ ይሄዳል። ሌላው ሁሉ ሲያልፈኝ እዚያ ላይ እነቃለሁ። እሷን የማገኝበት ቀን ነዋ።

እንግዲህ በሽታዬ ጉደር ጀመረ። አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ከጆሮዬ ሥር ባቄላ የሚያህል ነገር እጄን ነካኝ። የእህቴ ልጅ ዳሰስ አድርጋ፣

"ንፍፊት ነው። እግርሽን የሆነ ነገር ቆርጦሽ ይሆናል" አለችኝ።

"እግሬ ደህና ነው።"

"እንግዲያው ምች ነው" ብላ ዳማ ከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ፣ ቀባችኝም። ሽታው ደስ አለኝ እንጂ ባቄላው አልቀነሰም። እንዲያውም ወንድም አመጣ፤ ከሥሩ ሌላ ወጣ። ማታ ማታ ትኩሳት ቢጤ ይነካካኛል፣ ሌሊት በላብ እርሳለሁ። ቀሚሴ ደግሞ ከእኔ የምትወፍር ሴት ያዋሰችኝ መሰለ።

አምቦ ስመጣ ብርቄ ገና ከባጃጁ ስወርድ አይታኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በማግስቱ ክሊኒክ ወሰደችኝ። የተጠባባቂዎቹ አግዳሚ ወንበር ጠባብ ስለሆነ ሰው ከሰው ተጣብቆ ነው የሚቀመጠው፤ አንዱ ሲያስል ሁላችንም እንነቃነቃለን። ደም ሰጠሁ። "ታይፎይድ ነው" አሉ። በአገራችን ታይፎይድ አለብህ ያልተባለ ሰው ካለ ይምጣና ልየው። ክኒኑን ጨረስኩ፣ እብጠቱ አደገ። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፤ "ቶንሲል ነው" ብለው መርፌ ወጉኝ። ሦስተኛው ጋ "ከጥርስ የመጣ ነው" ተባለና ደህና ሲያኝክልኝ የኖረ መንጋጋዬ ተነቀለ።

የብርቄ ባል ገመቹ ቀልደኛ ነው። ጥርሱ ከተነቀለ በኋላም እብጠቱ እንዳለ ሲያይ፣ "አኮ፣ ጥርሱ ምን አድርጎ ነው? ጎረቤት በመሆኑ ተጠርጥሮ ነው?" አለኝ። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ልጆቹ ሲሉኝ ሰምቶ እሱም እንዲያ ይለኛል። ጉንጬን ይዤ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ግን ማታ ከብርቄ ጋር በሹክሹክታ ሲነጋገሩ እሰማቸዋለሁ። ለሱቋ ዕቃ ልታመጣበት ያሰበችው ገንዘብ በእኔ አንገት ላይ እያለቀ ነበር። "እናቴ ናት፣ ምን ላድርግ?" ትላለች። እሱም "መች ተይ አልኩሽ?" ይላል። ይህን መስማት ከመርፌው ይብሳል።

ከዚያ አንዱ እብጠት ፈነዳ። መግል ማውጣት ጀመረ። አንገቴን በነጠላ ጠቅልዬ ብሄድም ሽታው አይጠቀለልም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ እንዲህ ሆኜ አልገባም ብዬ ከቅጽሩ በር ውጪ ቆሜ ማስቀደስ ጀመርኩ። አንድ ቀን አጠገቤ የቆመች ሴት ቀስ ብላ ፈንጠር አለች። አልተቀየምኳትም። ግን ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድን። እዚያ በቀጭን መርፌ ከአንገቴ ቀዱና "ውጤቱ ሲመጣ እንጠራዎታለን" አሉ። ያን ጊዜ መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክም ተቋርጦ ስለነበር ውጤቱ ዘገየ። ሲከፈት ብርቄ ሱቋን ትታ መምጣት አልቻለችምና ብቻዬን ሄድኩ። ስሕተቱ የተሠራው እዚህ ነው።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። መልከ መልካም፣ ትሑት። የፈረንጅ ቃል አይገባትም ብሎ ይመስለኛል፣ አስቦ አስቦ የድሮውን አማርኛ ፈለገልኝ።

"እማማ፣ ያለብዎት የእጢ ነቀርሳ ነው። አይዞዎት፣ መድኃኒት አለው። ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደው ይጀምራሉ።"

እጢ አለኝ። እጢ ወጣባት የተባለች ሴት ተርፋ አላየሁም። ነቀርሳ አለኝ። የአስናቀች ነው። መድኃኒት አለው አለኝ። ለእሷም እንዲሁ ብለዋት ነበር።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ" ብዬ ተነሣሁ።

"የሚጠይቁኝ ነገር የለም?"

"የለም። ጨርሻለሁ።"

"ኧረ እማማ፣ ገና መጀመራችን ነው!" ብሎ ሳቀ።

እውነቱን ልናገር፤ ከዚያ ስወጣ አልፈራሁም። ልቤ ውስጥ ደስታ የሚመስል ነገር ገባ። ደስታ ነው ብዬ አልምልም። ብዙ መንገድ የሄደ ሰው ጫማውን ሲያወልቅ የሚሰማው ዓይነት ነው። በልጄ በሽታ፣ በልጄ መንገድ ወደ ልጄ ተጠራሁ አልኩ። ብርቄ "ምን አሉሽ?" ስትለኝ "እብጠት ነው፣ ይጠፋል አሉ። ወንጪ ሄጄ ጸበል ልጠጣ" አልኳት። አመነችኝ። ሰኞ ጤና ጣቢያ መሄድ ሲገባኝ፣ እኔ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ወንጪ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ።

ወንጪ ብርድ ነው። ጠዋት ሐይቁ በጉም ተሸፍኖ አይታይም፤ ወደ ረፋዱ ጉሙ ሲነሣ ውሃው ብቅ ይላል። በየቀኑ አስናቀች መቃብር ጋ እየሄድኩ እቀመጣለሁ። ያስቀየምኩትን ሰው ሁሉ ይቅርታ ጠየቅሁ። እህል ተውኩ ማለት ይቻላል፤ የባለቤቴ እህት ገንፎ ስታቀርብልኝ አንድ ጊዜ ነክቼ እመልሳለሁ። ተስፋዬ የወዲያው ዓለም ነው ብዬ የዚህን ዓለም ሳህን ገፋሁ። ይህን ሁሉ እንደ ጽድቅ ቆጥሬው ነበር። ግን ቀን የምመኘውን ሌሊት እፈራው ነበር። ላቤ ሲያጠምቀኝ፣ ውሻ ሲያላዝን፣ "ዛሬ ባይሆን" እላለሁ። ሲነጋ ደግሞ ዛሬ ስላልሆነ አዝናለሁ።

አንድ ቀን ከመቃብሩ ስመለስ ብርቄ የባለቤቴ እህት ደጃፍ ላይ ከፈረስ ስትወርድ አየኋት። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ሰላም እንኳ አላለችኝም።

"ጤና ጣቢያ ደወሉልኝ። መድኃኒቷን ለምን አልጀመረችም አሉኝ። የምን መድኃኒት ብላቸው ሳቁብኝ!"

"ልጄ፣ እኔስ አይድንም ብዬ ነው። ነቀርሳ ነው ያለኝ።"

"ቲቢ ነው! እማዬ፣ ቲቢ ነው እኮ! የሚድን ነው!"

"ነቀርሳ ነው ያለኝ አልኩሽ።"

"የሳንባ ነቀርሳ ሲባል ሰምተሽ አታውቂም? ያው ቲቢ ማለት አይደለም? ያንቺ ደግሞ ከሳንባ ሳይሆን አንገት ላይ ካሉት እጢዎች ነው የወጣው። እጢ ሁሉም ሰው አለው!"

ሰምቼማ አውቃለሁ። በልጅነቴ ደም የሚያስተፋውን ሳል የሳንባ ነቀርሳ ነበር የምንለው። በኋላ ራዲዮኑ ቃሉን ወስዶ ለካንሰር ሰጠው፤ አስናቀችም በዚያው ስም ሄደች። አንድ ስም ለሁለት በሽታ፣ አንደኛው የሚድን፣ አንደኛው የሚገድል። እኔ የሚገድለውን መርጬ ሰማሁ።

ብርቄ ድምፅዋ ወረደ። "የአስናቀች መስሎሽ ነው?"

ዞሬ ወደ መቃብሩ አየሁ።

"እና ሳትነግሪኝ መጣሽ። ልትሞቺ።"

አሁን ደስ ብሏት ተነሥታ ሄደች ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አልተነሣሁም። የሚድን መሆኑን ካወቅሁ በኋላም አልተነሣሁም። ሰው ጫማውን ካወለቀ በኋላ መልሰህ አጥልቅ ሲሉት ይከብደዋል።

"ተይኝ ልጄ፣ ደክሞኛል" አልኳት። "እህትሽ ትጠብቀኛለች።"

"እሷ የትም አትሄድም!" ብላ ጮኸች። የባለቤቴ እህት ከጓዳ ወጣች። ብርቄ ግን ቀጠለች። "ትጠብቅሻለች። እኔን ግን ማን ይጠብቀኛል? ለሞተችው ልጅሽ እንዲህ ትቸኩያለሽ፤ በሕይወት ላለሁት አንድ ክኒን መዋጥ አቃተሽ?"

ይህን ስትል አለቀሰች። ብርቄ ስታለቅስ ያየኋት በእህቷ ቀብር ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም እኔን እያባበለች ነው እንጂ ለራሷ አላለቀሰችም።

ማታውን የንስሐ አባቴን አባ ወልደ ሰንበትን ይዛቸው መጣች። እዚያው ወንጪ ነው የሚያገለግሉት፤ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲቀመጡም ሲነሡም ያቃስታሉ። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን፣

"ዘነቡ፣ በጸሎተ ሃይማኖት የሙታን ትንሣኤ ጋ ስንደርስ ምን እንላለን?" አሉኝ።

"ንሴፎ እንላለን፣ አባቴ።"

"ምን ማለት ነው?"

"ተስፋ አደርጋለሁ።"

"አደርጋለሁ አይደለም። እሱማ 'እሴፎ' ቢል ነው፤ አንቺ ብቻ በሆንሽ ነበር። ንሴፎ ነው፤ እናደርጋለን። ብርቄም አለችበት፣ እኔም አለሁበት። ብቻሽን ይዘሽው ወዴት ትሮጫለሽ? ደግሞም ተስፋ ያደረገ ሰው ይጠብቃል። ሐኪም ቤት ወረፋ ጥሶ የሚገባ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ሞልቷል፣ አባቴ።"

"ምን ትይዋለሽ?"

"ባለጌ ነዋ።"

"በቃ፣ ራስሽ ፈረድሽ" ብለው እየሳቁ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። በሩ ላይ ዞር ብለው፣ "ጸበሉንም ጠጪ፣ ክኒኑንም ዋጪ። ሁለቱም የእሱ ናቸው። ጾም ሲመጣ አቅም ካነሰሽ ንገሪኝ እንጂ ለራስሽ ሕግ አታውጪ" አሉኝ።

በማግስቱ ከብርቄ ጋር ወደ አምቦ ተመለስን። ደስ ብሎኝ አይደለም። ከእሷ ዕንባ ሸሽቼ ነው።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ከዛፍ ሥር አግዳሚ አለ። ጠዋት ጠዋት እዚያ ተቀምጠን ተራ በተራ እየተጠራን፣ ጫልቱ የምትባል ነርስ ፊት ክኒናችንን እንውጣለን። ፊቷ ካልዋጡ አይሆንም፤ አፍሽን ክፈቺ ብላ ታያለች። የመጀመሪያው ሰሞን ሽንቴ እንደ ቀይ ሥር ውሃ ቀልቶ ሳየው ኩላሊቴ አለቀ ብዬ እየሮጥኩ ሄድኩ።

"አዴ ዘነቡ፣ ሂን ሶዳቲን፤ አትፍሪ" አለችኝ። አዴ እንደ ወይዘሮ ነው። "የክኒኑ ቀለም ነው። ያንቺ ዓይነቱ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ልጆቹንም እቀፊያቸው።" ያን ቀን የብርቄን ትንሽ ልጅ ካቀፍኩ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ አሰብኩ።

አግዳሚው ላይ ኦቦ ለሚን ተዋወቅሁ፤ ኦቦ እንደ አቶ ነው። ከጉደር ማዶ የመጣ ገበሬ ነው። የእሱ የሳንባው ስለሆነ አፉን ሸፍኖ ከአግዳሚው ጫፍ ይቀመጣል፤ ወሬውን ግን ማንም አይሸፍነውም። የእኔን ነገር ከጫልቱ ጋር ስናወራ ሰምቶ ኖሮ በየቀኑ ይጠይቀኛል።

"አዴ ዘነቡ፣ ዛሬም አልሞትሽም?"

"አንተስ ኦቦ ለሚ?"

"እኔ ጊዜ የለኝም። ጤፌ አልታጨደም፣ ልጄ አልተዳረች፣ በሬዬ እግሩን አሞታል። መቼ ልሙት?"

"ወዲያስ ምንም አትናፍቅም?"

"ወዲያ ጤፍ አለ?"

"የለም መሰለኝ።"

"እንግዲያው ይቆየኝ" ብሎ ይስቃል፤ ሳቁ ሳል ይሆናል፤ ጫልቱ በመስኮት ትቆጣዋለች። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሣኝ ክኒኑ ሳይሆን የእሱ ነገር ነበር ብል አላጋነንኩም።

ሳሉ ቀነሰ። ፊቱ መለስ አለ። ከዚያ አጨዳ ደረሰና አንድ ጠዋት ቀረ። በማግስቱም ቀረ። ጫልቱ ደጋግማ ደወለች፤ "ደህና ነኝ፣ ጤፉን ላስገባና እመጣለሁ" አላት። ሰውም ላከች። ደህና ነኝ ማለት የዚህ በሽታ ትልቁ ወጥመድ ነው። ክኒኑ እብጠቱን ያጠፋል፣ ሳሉን ያቆማል፤ በሽታው ግን ውስጥ ተደብቆ መድኃኒቱ እስኪቋረጥ ይጠብቃል። ተመልሶ ሲነሣበት በሰው ሸክም አመጡት። እኔ ሳላየው ወደ ሆስፒታል ተላከ፤ እዚያው ሞተ።

ልቅሶ ሄድኩ። ሚስቱን ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። አጠገቧ ስቀመጥ በኦሮምኛ "ማን ነሽ?" አለችኝ። ስሜን ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

"አንቺ ነሽ? ስለ አንቺ ያወራ ነበር። 'መሞት የምትፈልግ አንዲት ሴትዮ አለች፤ እሷ እንኳ እየዳነች ነው' ይለኝ ነበር።"

ልቅሶ ቤት የሚባለውን አውቃለሁ። በሰማይ ትገናኛላችሁ፣ ነፍሱን በገነት ያኑርልን፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ስል የኖርኩት ነው፤ አምኜበትም ነው፤ ዛሬም አምናለሁ። ያን ቀን ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። እሱ መኖር ፈልጎ ሄደ፣ እኔ መሄድ ፈልጌ ቀረሁ። ይህን እስከ ዛሬ አልፈታሁትም፤ አባ ወልደ ሰንበትንም ጠይቄ "እኔም አላውቅም" ነው ያሉኝ። ሲመሽ ሰው ተበተነ፤ እኔ ግን ከእሷ ጋር አደርኩ። ድሮ ወዲያኛው ዓለም ሲታሰበኝ ከሰው መሀል ተነሥቼ መሄድ ነበር የሚያምረኝ። ያን ቀን ግን አስቤው መነሣት አቃተኝ። ሰውዬው አለ፣ እናገኘዋለን፤ እስከዚያው ግን ይህች ሴት አለች፣ እራቷን አልበላችም። ንሴፎ ማለት ይሄ ይሆን አልኩ። እህል አጎረስኳት።

መድኃኒቴን ጨረስኩ። ስድስት ወር ነው፤ ይረዝማል፤ ይሰለቻል፤ ሆድ ይረብሻል። ታማሚ ካላችሁ ደህና ነኝ ሲላችሁ አትመኑት፤ ተከተሉት። ሐኪምም የነገራችሁን ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሳትጠይቁ ከወንበሩ አትነሡ፤ "ይገድላል ወይስ አይገድልም?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ ነውር የለውም። አንገቴ ላይ ጠባሳ ቀርቷል፤ ብርድ ሲሆን ይጨመድደኛል። ጫልቱ በመጨረሻው ቀን "ድነሻል፣ ሂጂ" ስትለኝ ሌሎቹ አጨበጨቡልኝ። እኔ የአግዳሚውን ባዶ ጫፍ እያየሁ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ብርቄ ጸጉሬን እየጎነጎነችልኝ ነበር። ጠባሳዬን በጣቷ ነካ አድርጋ፣

"እማዬ፣ አሁንም መሄድ ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ።

ልዋሻት አልፈለግሁም። አንዴ ዋሽቻት ያየሁትን አይቻለሁ።

"አዎ፣ እፈልጋለሁ። እህትሽ ትናፍቀኛለች። ግን እስክጠራ ነው።"

ጉንጉኑን ጨርሳ አሰረችው።

"ስትጠሪ እሺ" አለች በመጨረሻ። "ብቻ ሳትነግሪኝ እንዳትሄጂ።"

"ወዴት?"

"ወደ የትም።"

ነገ ጉደር እወርዳለሁ፣ የኦቦ ለሚ ሚስት ብቻዋን ናት። ለብርቄ ነግሬያታለሁ።